ከድሮ ጓደኞች ጋር ወደ ጎንደር፦ በአውቶቡስ፣ በኮንትራት ሚኒባስ፣ በራስ መኪና ወይስ በአውሮፕላን?

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። አንዱ የድሮ ፎቶ ይለቃል። ዩኒፎርም ለብሰን ፋሲል ግንብ አጥር ሥር ተደርድረን የተነሳነውን። ሁሉም ይስቃል፣ «ኧረ እንገናኝ!» ይባላል። ጎንደር እንሂድ ይባላል፣ ቀን ይቆረጣል። ከዚያ «በምን እንሂድ?» የሚል ጥያቄ ይመጣና ግሩፑ ጸጥ ይላል። አንዱ አውሮፕላን ይላል። ሌላው አውቶቡስ ይላል። ሌላዋ «የኔ መኪና አለች» ትላለች። ሳምንት ያልፋል፤ ቀኑም ያልፋል።

እኔ የምኖረው ጎንደር ነው። አብሮ አደጎቼ ግን አብዛኞቹ አዲስ አበባ ናቸው። ሁለት ጊዜ ወርጄ ከእነሱ ጋር በመንገድ ተመልሻለሁ፣ አንዴ ደግሞ እነሱ በአውሮፕላን መጥተው አዘዞ ተቀብያቸዋለሁ። አራተኛውን አማራጭ፣ የራስ መኪናን፣ ከቤተሰብ ጋር በዚያው መንገድ ደጋግሜ አይቸዋለሁ። እዚህ የምጽፈው ከዚያ የተማርኩትን ነው። የየትኛውንም ድርጅት ስም አላነሳም። ድርጅት ይቀያየራል፣ መመዘኛው ግን አይቀየርም።

ከሁሉ በፊት፦ መንገዱ ሰላም ነው ወይ?

ይሄ ከሌሎቹ ጋር የሚወዳደር መመዘኛ አይደለም። በር ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት የተነሳ መንገዱ አንድ ሳምንት ክፍት፣ በሚቀጥለው ዝግ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት በነበሩት ቀናት በዚያው መስመር የተመላለሰ ሹፌር አግኝታችሁ ጠይቁ። ደጀን፣ ፍኖተ ሰላም፣ አዲስ ዘመን የሚኖር ዘመድ ካላችሁም ደውሉ። በመስመሩ ላይ የሚኖር ሰው ከማንም በፊት ይሰማል። «ተውት» ካሏችሁ ተውት። ጓደኝነቱ አንድ ወር መጠበቅ አያቅተውም። ክፍት ነው ከተባለም በሌሊት አትጓዙ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ የምታድሩበት ከተማ ግቡ።

የቀሩት መመዘኛዎች

መንገዱን ካረጋገጥን በኋላ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው «ስንት ሰዓት ይፈጃል? ስንት ብር ነው?» ብሎ ነው። እኔ ከዚያ በፊት የምጠይቀው ሌላ ነው፦ መኪናውን የማስቆም ሥልጣን የማን ነው?

ይሄን ያስተማረኝ የመጀመሪያው ጉዟችን ነው። ለዓመታት ያልተያዩ ሰዎች መኪና ውስጥ ገብተው ወዲያው ልብ ለልብ አያወሩም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ስለ ልጆች፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ነው። ዋናው ወሬ የሚመጣው ወርዶ እግር ሲፍታታ ነው፤ ቡና ሲፈላ፣ አንዱ ከሌላው ጋር ትንሽ ፈንጠር ብሎ ሲቆም። መቆም ያልቻለ ጉዞ ያንን ቅጽበት ያሳልፈዋል።

ሁለተኛው አቀማመጥ ነው። ማን ከማን ጎን ተቀመጠ? ቦታ መቀያየር ይቻላል? ጀርባውን ብቻ ከምታየው ሰው ጋር አሥር ሰዓት ብትጓዝ ያው ብቻህን እንደመጓዝ ነው።

ሦስተኛው ወጪ ነው። እዚህ ላይ የማልደራደርበት ነገር አለኝ፦ የሚመዘነው በትንሹ ኪስ ልክ ነው። ከስምንት ሰው ውስጥ አንዱ ሥራ አጥቷል እንበል። አንዷ እናቷን እያስታመመች ነው። አውሮፕላን ከተባለ እነዚህ ሁለቱ «አልቻልኩም» አይሉም። «ሥራ በዛብኝ» ብለው ይቀራሉ። እኛም አምነን እንሄዳለን። አንድ ጓደኛችን እንዲህ ቀርቶብናል፤ እውነቱን የሰማሁት ከዓመት በኋላ ነው። እስካሁን ይቆጨኛል።

የመጨረሻው ድካም ነው። ጎንደር ስትገቡ ለማምሻው ምን ያህል ጉልበት ይተርፋችኋል? ብዙዎቻችን የሃያ ዓመት ወጣቶች አይደለንም።

መንገዱ ራሱ

ከአዲስ አበባ ጎንደር በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ 740 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ ደብረ ማርቆስ 300፣ ከዚያ እስከ ባሕር ዳር 260 ያህል፣ ከባሕር ዳር ጎንደር ደግሞ 180 ነው። በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያቋርጠው አጠር ይላል፣ ግን ለዚህ ዓይነት ጉዞ የደብረ ማርቆሱን እመርጣለሁ፤ ከተሞቹ ተቀራራቢ ናቸው፣ ምግብና ጎሚስታ አይጠፋም። በደሴና ወልዲያ ዞሮ በቻይና መንገድ ወረታ የሚወጣውም አለ። እሱ በጣም ይረዝማል። ጋሸና ላይ ታጥፎ ላሊበላ መሳለም ለሚፈልግ ብቻ ነው የምመክረው።

ማቆሚያዎቹን እወቋቸው። ደብረ ሊባኖስ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ይላል። ገዳሙን ተሳልማችሁ ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ታያላችሁ። ቀጥሎ ጎሃ ጽዮን ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ይወጣል። ከታች በጃፓን እርዳታ የተሠራው የኅዳሴ ድልድይ አለ። ድልድዩ ላይ ቆሞ ፎቶ ማንሳት አይታሰብ። ከጎሃ ጽዮን በታች አፋፉ ላይ ሆናችሁ ግን ሸለቆውን እንደልባችሁ ታያላችሁ። ደጀን ላይ ፍሬኑም ሞተሩም ይቀዘቅዛል፣ ሰውም ቡና ይጠጣል። ባሕር ዳር ደግሞ አሳ አለ፣ ጣና ዳር መቀመጫ አለ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትወጡ በ2016 ዓ.ም. በተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ታልፋላችሁ። ሁለቴ ዓባይን በተሻገራችሁበት ጉዞ አብሮ አደጎች የሚያወሩት አያጡም።

አሁን አራቱን አማራጮች እንያቸው።

አውቶቡስ

በአንድ ቀን የሚገቡት ትልልቆቹ አውቶቡሶች ገና ሳይነጋ ይነሳሉ፣ ቀኑን ሙሉ ይነዳሉ። በነፍስ ወከፍ ሲታይ ከሁሉም ይረክሳል። ትኬቱን ሁሉም የራሱን ስለሚቆርጥ የሒሳብ ጭቅጭቅ የለም። ሹፌሩ መንገዱን በቃሉ ያውቀዋል። ይሄ ሁሉ እውነት ነው።

የመጀመሪያ ጉዟችን በአውቶቡስ ነበር። ትኬቱን በተለያየ ቀን ስለቆረጥን ተበታተንን። ሁለቱ ከፊት፣ ሦስቱ መሐል፣ እኔ ከኋላ መስኮት ጋር ከማላውቃቸው አንድ አባት ጎን። ከላይ ቴሌቪዥኑ ሳያቋርጥ ፊልም ያሳያል። ምሳ ላይ ሃያ አምስት ደቂቃ ተሰጠን፤ ግማሹ በእጅ መታጠቢያና በሽንት ቤት ወረፋ አለቀ። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ከፊት የተቀመጠችው ጓደኛዬ ዞራ በእጇ ወደ ታች አሳየችኝ። አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ የምትለው ግን አይሰማኝም። ጎንደር ስንደርስ እግራችን አብጦ፣ ጭንቅላታችን ዞሮ፣ ሁላችንም ወደ አልጋ። በዚያ ሁሉ ሰዓት ያወራነው ቢደመር አንድ ሰዓት አይሞላም።

አውቶቡስ የግድ ከሆነ መፍትሔ አለው። አንድ ሰው የሁሉንም ትኬት በአንድ ጊዜ ይቁረጥ፣ ተከታታይ ወንበር ይያዝ። ከዚያም ባሕር ዳር ወርዳችሁ እደሩ፤ በማግሥቱ የቀረውን 180 ኪሎ ሜትር ሌላ መኪና ይዛችሁ ጨርሱት። ዋጋው ብዙም ሳይጨምር ግማሹን ጉዞ የራሳችሁ ታደርጉታላችሁ።

የኮንትራት ሚኒባስ

እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም ከስድስት እስከ አሥራ አንድ ሰው ለሆነ ቡድን ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። አባዱላ የሚባለው ዓይነት ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ኮስተር ነው።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። «አቁምልን» ስትሉ ይቆማል። ቦታ መቀያየር ይቻላል፤ እኛ በየከተማው አንድ ረድፍ ወደፊት እየተሸጋገርን ነበር የተቀመጥነው፤ ባሕር ዳር ስንደርስ ሁሉም ከሁሉም ጎን ተቀምጦ ነበር። ስንቅ ይያዛል። ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ በሶ። ድርቆሹን ያመጣችው ከሐዋሳ የመጣችው ጓደኛችን ናት፤ እናቷ «ለልጆቹ» ብለው ነው የላኩት። እኛ አርባን ልንደፍን ነው፣ ለእሳቸው ግን ልጆች ነን።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። ወረታን አልፈን፣ የፎገራን ሜዳ ጨርሰን አዲስ ዘመን ልንደርስ ስንል የኋላ ጎማ ፈነዳ። ወረድን። ሹፌሩ ክሪክ አወጣ፣ ስኮርታውን አወረደ። ከመሐላችን ሁለቱ ከስድስት ዓመት በፊት አብረው ሱቅ ከፍተው በገንዘብ የተኳረፉ ናቸው። ጠዋት ሰላም ተባብለዋል፣ ከዚያ ውጪ ቃል አልተለዋወጡም። አንዱ ሹፌሩን ሊረዳ ቁጭ አለና ቡሎኖቹን መፍታት ጀመረ። ሌላኛው ምንም ሳይል አጠገቡ ተንበረከከ፣ መዳፉን ዘረጋ፣ የተፈቱትን ቡሎኖች እየተቀበለ ያዘ። አምስት ሆኑ፣ ስድስት ሆኑ። ጎማው ተቀየረ። የሁለቱም እጅ ግራሶ በግራሶ ሆነ። አንደኛው ሃይላንድ ውሃ ከመኪናው አመጣና የሌላውን እጅ ማስታጠብ ጀመረ። ውሃው በጣቶቹ መሐል ሲወርድ «በቃ ይበቃል» አለው። «ቆይ፣ ገና ነው» አለው። ከዚያ እስከ ማክሰኝት አብረው ተቀመጡ። ምን እንዳወሩ አልጠየቅንም።

በአውቶቡስ ቢሆን ያንን ጎማ ረዳቱ ነበር የሚቀይረው።

የሚኒባስ ጣጣው ውሉ ላይ ነው። ስትነጋገሩ አራት ነገሮችን ለይታችሁ ጠይቁ፦ ነዳጁ የማን ነው? የሹፌሩ አበልና አልጋ ተካትቷል? የሚከፈለው በቀን ነው ወይስ በጉዞ? ጎንደር አድርሷችሁ ባዶውን የሚመለስ ከሆነስ የመልሱ ሒሳብ በማን ነው? በመጨረሻው ብዙ ሰው ይጣላል። እኛም ተጣልተናል፤ አስማሚው «ደርሶ መልስ ነው» አለ፣ ሹፌሩ «አልተነገረኝም» አለ፣ ሁለት ጊዜ ከፈልን። አሁን በጽሑፍ ካልሆነ አንነሳም። ሊብሬውን፣ ቦሎውንና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱን ማየትም ነውር አይደለም።

ነዳጁ በእናንተ ከሆነ ቀላል ሒሳብ ሥሩ። በሊትር 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ለመሄጃው ብቻ 74 ሊትር ይፈልጋል። የከተማ ዙረቱን ጨምሩበት። ወረፋ ስላለ ደግሞ ማደያ ባገኛችሁበት ሙሉ፤ «በኋላ» አትበሉ።

የራስ መኪና

ለሦስትና ለአራት ሰው ከሁሉም የሚቀርብ ይሄ ነው። ከአራት ሰው በላይ ሲሆን ሁለት መኪና ያስፈልጋል፤ ሁለት መኪና ማለት ደግሞ ሁለት ቡድን ማለት ነው። ግማሹ የሳቀውን ግማሹ አይሰማውም።

የምፈራው ግን መንዳቱን ነው። ዓባይ በረሃን ወርዶ የማያውቅ ሰው ፍሬን ላይ ቆሞ ይወርዳል፣ ፍሬኑ ይግላል። መውረድ በከባድ ማርሽ ነው። የጭነት መኪናው ይበዛል፣ ከብትና አህያ መንገድ ያቋርጣል። የሚነዳው ሰው ደግሞ ጨዋታው ውስጥ ሙሉ በሙሉ የለም፤ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው። መፈራረቅ የሚችሉ ቢያንስ ሁለት ልምድ ያላቸው ነጂዎች ከሌሉ ይቅርባችሁ እላለሁ። ባለመኪናው ላይ የሚወድቀውንም አስቡ፦ ጎማ፣ ዘይት፣ ሰርቪስ። ነዳጅ ብቻ ተካፍሎ «ተከፋፈልን» ማለት እሱን መጉዳት ነው።

አውሮፕላን

በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ጠዋት ቦሌ፣ ከዚያ አዘዞ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ። ድካም የለም፤ መንገዱ በማይታመንበት ሰሞንም የሚቀረው እሱ ነው። ለአጭር ፈቃድ፣ ከውጭ ለመጣ ሰው፣ ጀርባውን ለሚያመው ሰው ትክክለኛው ምርጫ ነው። ከውጭ በዚያው አየር መንገድ የመጣ ካለ ለሀገር ውስጡ ትኬት ቅናሽ እንዳለው አስቀድሞ ይጠይቅ።

ግን የመንገዱ ጨዋታ ይቀራል። እዚህ ላይ የኔ ምክር፦ በአውሮፕላን ኑ፣ መንገዱን ከጎንደር ጀምሩት። ሚኒባስ ለሁለት ቀን ብቻ ያዙ። በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ያለችው ጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ጥንታዊቷን ደብረ ሲና ማርያምን ታያላችሁ፣ ሐይቁ ዳር ትቀመጣላችሁ፣ በቀን ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ። በሰሜን በኩል ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚያው መንገድ ኮሶዬ ላይ ቆማችሁ የቆላውን ገደል ታያላችሁ፤ ብርድ ስላለ ጋቢ ያዙ። የመንገዱን ሰላም መጠየቅ እዚህም ይሠራል።

ባጭሩ በሠንጠረዥ

| አማራጭ | የማቆም ነፃነት | ጨዋታ | ወጪ በነፍስ ወከፍ | ድካም | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|---|
| አውቶቡስ | የለም | ትንሽ | ዝቅተኛ | ከባድ | ኪስ ለጠበበበት፣ ባሕር ዳር ለሚያድር |
| ኮንትራት ሚኒባስ | ሙሉ | ብዙ | መካከለኛ፤ ሰው ሲበዛ ይቀንሳል | መካከለኛ | ከ6 እስከ 11 ሰው |
| የራስ መኪና | ሙሉ | ከነጂው በቀር ብዙ | መካከለኛ | ለነጂው ከባድ | 3 ወይም 4 ሰው፣ ሁለት ነጂ ላለው |
| አውሮፕላን | አይመለከተውም | መንገድ ላይ የለም | ከፍተኛ | ቀላል | አጭር ፈቃድ፣ ከውጭ ለመጣ |
| አውሮፕላንና አጭር የሚኒባስ ጉዞ | ከጎንደር በኋላ ሙሉ | ጥሩ | ከሁሉም ከፍ ያለ | ቀላል | አቅም ላለው፣ መንገዱ ለማይታመንበት ሰሞን |

ለእናንተ የትኛው?

ሦስት ቀን ብቻ ካላችሁ አውሮፕላን ነው፤ አትጨናነቁ። አምስት ቀንና ከዚያ በላይ ካላችሁ ሚኒባስ ይዛችሁ፣ መሄጃው ላይ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር አንድ ሌሊት እደሩ። ከሁለቱ ባሕር ዳርን እመርጣለሁ፤ ማግሥቱን ተዝናንታችሁ ምሳ ሰዓት ጎንደር ትገባላችሁ።

የኪሳችሁ መጠን የተለያየ ከሆነ ሁሉም እኩል ያዋጣ አትበሉ። እኛ የምናደርገው እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው ሒሳብ ያዥ ይሆናል፣ ሁሉም የቻለውን በቴሌብር ለእሱ ብቻ ይልካል፣ ማን ስንት እንደላከ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። የጎደለውን የቻሉት ይሞላሉ። በዚህ መንገድ ያ የቀረብን ጓደኛችን በሚቀጥለው ጊዜ መጥቷል።

ልጆች የምትይዙ ከሆነ ሚኒባስ ሆኖ መንገዱን የግድ ለሁለት ቀን ክፈሉት።

መቼ?

ብዙ ሰው ጥምቀት ይላል። ጥር 10 ከተራውን፣ ጥር 11 ደግሞ የፋሲለደስን ጥምቀተ ባሕር ያላየ ሰው ማየት አለበት፤ ከልቤ ነው የምለው። ግን የመጣችሁት ለመጨዋወት ከሆነ ሌላ ጊዜ ምረጡ። በጥምቀት አልጋ ይጠፋል፣ የተገኘውም ዋጋው አይቀመስም፣ ከሰው ብዛት የተነሳ ተጠፋፍቶ ስልክ መደዋወል ነው። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ግሩም ነው፤ ከፍቼ ጀምሮ እስከ ጎጃም ሜዳው ሁሉ አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባውም መንገድ ዳር ይወጣል። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ካለ ለምሳ የምታቆሙበትን ከተማ በዚያ ልክ አስቡ።

ጎንደር ከገባችሁ በኋላ ከተማ ውስጥ መኪና አያስፈልግም። ከፒያሳ ግንቡ በእግር ነው፣ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴና ወደ ቁስቋም ባጃጅ አለ። ማምሻውን ግን አንዴ ጎሃ ተራራ ውጡ። ከተማው ከታች መብራቱን ሲያበራ የትኛው የማን ሰፈር እንደነበር መከራከር ትጀምራላችሁ።

ሚኒባስ ከመረጣችሁ ደግሞ በመነሻው ጠዋት፣ ዕቃ ሳትጭኑ በፊት፣ ስኮርታውን አስወርዱና ንፋስ እንዳለው በእጃችሁ ተጫኑት። ክሪኩንም ጠይቁ።